ብልጭታው እጅግ ያምራል

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ተከፈተ! ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ኮምፒውተሩ ፊት ዘፍ ያልኩት። ኮሪያዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደረሰ፣ ደረሰ» እያሉ ሲያስጎመጁን የከረሙት ጌም ዛሬ በሩን ከፈተ። በሩ ላይ ግን ሰልፍ አለ። «ከፊትዎ ያሉ ተጫዋቾች» ይልና ቁጥር ያሳያል፤ ቀነሰ ስል ተመልሶ ይጨምራል። ወንድሜ ከጎን ክፍል ሆኖ፣ «እትዬ፣ የሐኪም ቤት ሰው ነኝ፣ ቅድሚያ ስጡኝ በያቸው!» እያለ ይስቃል።

ከገባሁ በኋላ ፊት ስሠራ አመሸሁ። አፍንጫ ብቻውን ለማስተካከል የሚጎተተው ነገር ብዛቱ! እኔን እንድትመስል ጀምሬያት ስጨርስ የማላውቃት ቆንጆ ሆና ቁጭ አለች። አካሚ አደረግኳት። እኔ ሁሌም አካሚ ነኝ፣ ወንድሜ ሁሌም ጋሻ ያዥ። እሱ ከፊት ቆሞ ዱላውን ይቀበላል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ቁስሉን እዘጋለሁ። ኮምፒውተር ቤታችን ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነን።

ከነገ ወዲያ ለ«ሳይቀባ» እንቀርጻለን። ይኼ ፕሮግራም የሁለታችን ልጅ ነው፤ እኔ አዲስ ጌም ተጫውቼ የተሰማኝን አወራለሁ፣ እሱ አቀናብሮ ይለጥፋል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምንም ሳይቀባ፣ እንዳለ፣ ለማለት። አድማጮች ወንድሜን «ቆራጩ» ይሉታል፤ «እምምም»ዬንና ሳሌን እየቆረጠ ስለሚያሳምረኝ።

ጥር 8

ቀረጽን። ወንድሜ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብሱን ከኋላዬ ሰቅሎ፣ እንደ ሁልጊዜው። መልካሙንም ክፉውንም ተናገርኩ። ዝናብ ሲዘንብ የአካሚዬ ፀጉር አንገቷ ላይ ይለጠፋል፣ ዛፉ ሥር ካስጠጋኋት ይደርቃል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ኮሪያኛው ሲሰማ ልብ ይነካል፤ ከሥር የሚወጣው ትርጉም ግን ባሏ የሞተባትን አሮጊት እያለቀሰች «እንኳን ደስ አለዎት» ያሰኛታል። ስለ መሣሪያ ማጠንከሪያውም እንዲህ አልኩ፦ «ሰይፍህን አምጣ፣ ዕድልህን ሞክር ይሉሃል። ስትሞክር ይሰበራል። ይኼ ጨዋታ ሳይሆን ቁማር ነው።»

ወንድሜ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ትንሽ አልከረረም?»

«ምኑ?»

«ቁማር የሚለው።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

የለጠፈውን አልሰማሁትም። የራሴን ድምፅ መስማት ሞቴ ነው፤ የሰው አክስት ይመስለኛል። ከማይኩ ፊት ከተነሣሁ ለእኔ አልቋል፣ የቀረው የእሱ ነው።

ጥር 12፣ ሰኞ

ራጅ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ዋልኩ። ባልደረባዬ ታማለች። ወገቤ።

እማዬ ማታ ደወለች። «ያ ልጅስ? አሁንም እዚያው ተጎልቷል?» የሚሠራበት ስቱዲዮ ከተዘጋ ወዲህ ሌላ ጥያቄ የላትም። እኔም ደክሞኝ ስለነበር፣ «እማዬ፣ ሥራ ፈልግ እያልኩት ነው፣ ምን ላድርግ? ትከሻዬ ላይ ነው ያለው» አልኳት። ስዘጋ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። የሰማ አይመስለኝም። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ነበር። አድርጎ ነበር መሰለኝ።

ጥር 14

ወንድሜ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዝ ተኩሶ አየሁት። ስልክ ሲመጣለት ደረጃው ላይ ወጥቶ ነው የሚያወራው፤ በመስኮት ሳየው ራሱን እየነቀነቀ፣ እጁን እያወናጨፈ። «ማነው?» ስለው «ጓደኛ ነው» አለኝ። ሴት አግኝቷል! እሰይ። ጊዜው ሲደርስ ያስተዋውቀኛል፣ አልጎረጉረውም።

የዋሻውን ዘንዶ ዛሬ ጣልነው። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን ዘንዶው ሲሞት ማያው በሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር እያለ ይንቦገቦጋል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንባሬን አሁንም እየወጋኝ ነው።

ጥር 15

አድማጫችን የልብስ ሰፊዋ ጻፈችልኝ። ስፌቷ ላይ ሆና እንደምትሰማን ከዚህ በፊትም ነግራኛለች። የዛሬውን እንዳለ ልገልብጠው፦

«እህቴ፣ ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት፣ በመድኃኒት ደህና ናት። ጓደኞቿ ሁሉ ይህን የኮሪያ ጌም ስለሚጫወቱ ካልተጫወትኩ ብላ አስለቅሳኛለች። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አይስማማትም። ጌሙ እንዲያ ያለ አለው ወይ? እኔ ይኼን ነገር አላውቅበትም፤ አንቺ ካልሽኝ ግን አምናለሁ።»

በሽተኛ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። «ነገ ስለምቀርጽ እዚያው ላይ በደንብ እነግርሻለሁ» ብዬ መለስኩላትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ጥር 16

በደንብ ተናገርኩላት። ሴቲንጉን ስበረብር መላውን በማግኘቴ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል፦ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል «የውጊያ ብርሃን ቀንስ» የሚል አለ። ካልነኩት ብልጭታው እንደበራ ነው የሚመጣው። «ብልጭታው እኔን ጤነኛዋን ራሴን አሳምሞኛል» አልኩ። «የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው፤ ሌላውም ብልጭታውን ሳያጠፋ አይጀምር።» ከዚያ ወደ አዲሱ አገር ገባሁ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ጀንበር መጥለቂያው። «እጅግ ያምራል» ማለቴን አስታውሳለሁ።

ወንድሜ ቀና ሳይል «ረዘመ» አለ።

«ሌላውን ቁረጥ። የብልጭታውን እንዳትነካው።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

አንድ ታክሲ ነጂ ደረቱን ልናነሣው ቆሟል። «ትንፋሽዎን ይሳቡ። ያዙት። አይተንፍሱ» ስል የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀና፣ «የሳይቀባዋ ሴትዮ! አንቺ ነሽ!» አለኝ። ፎቶው ተበላሸ፤ ደግመን አነሣን። ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ጉድ አደረግሽኝ እኮ» አለኝ እየሳቀ። «ስንት ቀን የለፋሁበት ሰይፍ ተሰበረብኝ። ዕድልህን ሞክር ብለሽ!»

«እኔ? እኔ እንኳ ተቃራኒውን ነው ያልኩት።»

«ኧረ በዚህ ጆሮዬ!»

ከሌላ ጋር አምታቶታል። ስንቱ ነው ስለ ጌም የሚያወራው። ሰውየው ደግሞ ሳል ነበረበት፣ ደክሞታል።

ጥር 23

አስተያየቶቹን አነበብኩ፤ ባላነበብኩ። «ስንት ከፈሉሽ?» «ሳይቀባ ድሮ ቀረ፣ አሁን ቅቤ ብቻ ነው።» ዛሬ ጌም ውስጥ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች አጠገባቸው መሆኔን ሳያውቁ፣ «አካሚዋ ሴትዮ ተገዝታለች፣ አትስሟት» ሲባባሉ ሰማሁ። ዛፍ ሥር ቆሜ። ዝናቡ እየዘነበ። እንዴት እንዳፈርኩ፤ በማያውቀኝ ሰው ፊት፣ ባልሠራሁት ነገር።

ለወንድሜ ነገርኩት። «ቅናት ነው እትዬ። አንቺ ለምን ታነቢያለሽ? ሥራሽ ይበቃሻል፣ መልእክቱንም አስተያየቱንም እኔ ልያዝልሽ።» ስልኬን ወሰደና እንዳይጮህ አድርጎ መለሰልኝ። ተገላገልኩ። እንዲህ የሚያስብልኝ ሰው ማን አለኝ?

የልብስ ሰፊዋ መልሱን ሰምታው ይሆን? ሰምታዋለች። ባትሰማ ኖሮ ደግማ ትጠይቅ ነበር።

ጥር 27

በጥድፊያ ነው። ወንድሜ ነገ ቀጠሮ አለው፤ የሥራ! የምን ሥራ እንደሆነ «ሲሳካ እነግርሻለሁ» ብሏል። እማዬ በስልክ እልል አለች። ክራባቴ ጠፋ ብሎ ቤቱን እያተራመሰ ነው።

ጥር 28፣ ረቡዕ፣ ሆስፒታል፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ባልደረባዬ፣ «ጌሙ ነገ ይዘጋል አሉ፣ ጥገና ነው አሉ» ስላለችኝ ማስታወቂያውን ልይ ብዬ የመልእክት ገጻችንን ከፈትኩ። ከላይ የልብስ ሰፊዋ ነች።

«እህቴ፣ በቀረጻው እነግርሻለሁ ስላልሽኝ ጠብቄ ሰማሁ። ብልጭታው ያምራል ከማለት ሌላ ክፉ ነገር ስላላልሽ ፈቀድኩላት። ትናንት እየተጫወተች ከነወንበሯ ወደቀች። ጥርሷ ተሰብሯል፣ እጇም ተጎድቷል። ልወቅስሽ አይደለም የምጽፈው። ለሌሎች እናቶች ንገሪያቸው ብዬ ነው።»

መልእክቱ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። የተነበበ የሚል ምልክት አለው። ያነበብኩት እኔ አይደለሁም።

ቀረጻውን ከፍቼ ሰማሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ቆሜ፣ በስልክ፣ ነጭ ጋወኖች መሐል። ያቺ የሰው አክስት ደስ በሚል ድምፅ፣ «ብልጭታው እጅግ ያምራል» ትላለች። ትንፋሽ እንኳ የለም በመሐል። እንዲህ አድርጎ የሚገጥም ጎበዝ እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውንም ከፈትኩት። «ሰይፍህን አምጣ፣ ዕድልህን ሞክር።» ይሉሃል የምትለዋን አውጥቷታል። አንዲት ቃል። እኔ የእነሱን ነገር ስናገር የነበርኩት ሴት፣ እነሱን ሆኛለሁ።

ሰው እየጠራኝ ነው።

ያው ዕለት፣ ቤት

ሲገባ ቆሜ ጠበቅኩት። ፊቱ በርቷል፣ ክራባቱን እያላላ ነው። «እትዬ! ተቀበሉኝ! የኮሪያውን ጌም እዚህ የሚያከፋፍለው ድርጅት...»

«ልጅቷ ወደቀች» አልኩት።

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ። የትኛዋ ልጅ ብሎ አልጠየቀኝም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሕተት ነው፣ ሳያውቅ ነው የምትል ነገር ልቤ ውስጥ ነበረች። ሳይጠይቀኝ ሲቀር ያቺ ተስፋ ሞተች።

«አንብበኸዋል።»

«ልነግርሽ ነበር። ከቀጠሮው በኋላ ልነግርሽ ነበር፣ በእናታችን።»

«እንዳትነካው አላልኩህም?»

«አንድ ቃል አልጨመርኩብሽም እኮ! ሁሉም ያንቺ ቃል ነው።»

«ቃሉ የእኔ ነው። እኔ ግን አላልኩትም።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ተነፈሰው። በየደረጃው ሲያወራው የነበረው «ጓደኛ» የድርጅቱ ሰው ነው። መጀመሪያ የወጣውን ቀረጻችንን ሰምቶ፣ ለስለስ ማለቱን ወድዶለት ነው የደወለለት። የመጀመሪያውን ወር ብቻ ጣፈጥ አድርገህ ያዝልን፣ ከዚያ ቦታው ያንተ ነው አለው። «የመጀመሪያውን ማን አለስልስ አለህ?» ስለው፣ «ማንም። እንዲያው ሰው እንዳይጠላሽ ብዬ ነው» አለኝ። ይኼን ሲለኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«ሥራ ፈልግ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «ትከሻዬ ላይ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሰምቶኝ ኖሯል።

«ሥራ ፈልግ አልኩህ እንጂ እኔን ሽጥ አልኩህ?»

ከጎረቤት ቧንቧ የሚፈስ ውኃ ይሰማል። «እሺ ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ፣ ግን አንቺም ብትሆኚ...»

«ግኗን ቁረጣት» አልኩት። «ትችልበት የለ።»

ጥር 29

ከወንድሜ ጋር ኩሽና ውስጥ ተገናኘን፤ አሳለፈኝ፣ አሳለፍኩት። ቀኑን ሙሉ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ስል የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ነው።

ሁለት መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነው። «አዎ፣ ብልጭታ አለው፣ አትፍቀጂላት።» ይኼንኑ ብጽፍላት በቂ ነበር። ቸኩያለሁ ብዬ። በሽተኛ ተሰልፏል ብዬ። እሷም እኮ እንደ በሽተኛ ነው የጠየቀችኝ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። አድራሻዋን ስጠይቃት ያለ ምንም ቃል ላከችልኝ። ቤቷ ሥራ ቤቷም ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልገባላቸው ቀሚሶች። ልጅቷ አልጋ ላይ እጇን በጀሶ አስራ ተቀምጣለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም።

እናትየው መኪናዋን አላቆመችም። አሠራሯ ፈጣን ነው፣ ጨርቁን ሳታየው ታዞረዋለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ምን እንዳልኩ፣ ወንድሜ ምን እንደቆረጠ። አንድ ስፌት ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«ታዲያ ሲወጣ አልሰማሽውም?»

«ድምፄን መስማት አልወድም» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አየሁት።

«እኔ ደግሞ የምሰማሽ ድምፅሽን ብዬ ነው» አለች። «ጌም አላውቅም። ሰው አውቃለሁ ብዬ ነበር።» ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ናት ያዳነችኝ። «እውነት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር ማጥፊያው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ከታች?» ከታች። «አይ እኔ! ሁለተኛው ድረስ ሄጄ ነበር እኮ» ብላ ሳቀች፣ አፏን ሸፍና። እናቷ ያን ስትሰማ መኪናውን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጨርቁን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ለሌሎቹ ንገሪያቸው» አለችኝ ብቻ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከሥራ መልስ ብቻዬን ቀረጽኩ። ብርድ ልብስ የለ፣ ምን የለ። ወንድሜ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ። ወሩ ሊያልቅ ነው። ትንሽ ብትቆዪ ውሌን ፈርሜ እጨርሳለሁ። አሁን ካወጣሽው ያባርሩኛል።»

«ዛሬስ የምትወድቅ ሌላ ልጅ ብትኖር?»

«እኔ ወንድምሽ አይደለሁም?»

ይኼን ማለት አልነበረበትም። እንባዬ መጣ። «ነህ እንጂ» አልኩት። «ባትሆንማ ኖሮ አዳምጥህ ነበር።» ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም በደንብ አላውቅም፤ እሱ ግን የገባው ይመስለኛል፣ ዞሮ ገባ።

ተናገርኩ። የራሴን ጥፋትም ተናገርኩ። መሐል ላይ አሳለኝ፣ ውሻ ጮኸ፣ አንድ ቦታ ተሳስቼ ደገምኩ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ጥሩ ድምፅ አይደለም። ለጠፍኩት።

የካቲት 6

ግማሹ «ጎበዝ» ይላል፣ ግማሹ «ስትያዢ ነው የተናዘዝሽው» ይላል። ሁለተኛዎቹ የተሳሳቱ አይመስለኝም። ታክሲ ነጂው ጽፎልኛል፦ «ሰይፌስ?»

ጌሙ ሲከፈት አሁን ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ የብርሃን መቀነሻውም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጥቷል። «ለውድ ተጫዋቾቻችን አስተያየት እናመሰግናለን» ይላል ከሥሩ።

ወንድሜን አላባረሩትም። እንዲያውም ቶሎ ግባ አሉት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ከተጫዋቾች ጋር የሚነጋገር ሰው ያስፈልገናል ብለው። ቅሬታ ተቀባይ ሆኗል። ሲነግረኝ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። የድርጅቱ ቢሮ አጠገብ ቤት አግኝቷል።

የካቲት 9

እማዬ ደወለች። «በጨዋታ ነው እንዴ የተጣላችሁት? ትልልቅ ሰዎች!»

«በጨዋታ አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ በምን? እሱም አይነግረኝ፣ አንቺም አትነግሪኝ። ልጁ ሥራ ያዘ ብዬ ስለቴን ሳላደርስ!»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደስታዋ በድምጿ ውስጥ ይሰማል፤ ስንት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ደስታ። «ይለፍ፣ ሌላ ቀን አጫውትሻለሁ» አልኳት። እኔም ቆረጥኩ ማለት ነው።

የካቲት 14፣ አርብ

ዛሬ ለቀቀ። ሻንጣዎቹንና ኮምፒውተሩን ብቻውን አወረደ። ፍራሹ ግን ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ደረጃው ጠባብ ነው። በር ላይ ይዞት ሲታገል አየሁና ሄጄ የታችኛውን ጫፍ ያዝኩ። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

«ወደ ግራ።»

«ቀስ።»

«ደረሰ፣ አሁን አዙረው።»

ሥራውን ከነገረኝ ቀን ወዲህ ይኼን ያህል ተነጋግረን አናውቅም። መጠምዘዣው ላይ ፍራሹ ሁለታችንንም ግድግዳው ላይ አጣብቆን ቆምን፤ ትንፋሹን እሰማለሁ፣ ፊቱን አላየውም። «እትዬ» አለ ከወዲያ። «ቀጥል፣ ከበደኝ» አልኩት። ቀጠለ።

የጭነት መኪናው ሹፌር ገመዱን እያሰረ፣ «ወንድምሽ ነው? ታድሏል፣ ፍራሽ የምትሸከም እህት!» አለ። ወንድሜ ምን እንደምል ሊሰማ ወደ እኔ ዞረ። ገና በልጅነቱ አጥፍቶ ፊቴን የሚያጠናበት ያ አስተያየት ነው። ሹፌሩም ጠበቀ። የተረፈውን ገመድ ከመሬት አንሥቼ ለሹፌሩ አቀበልኩት።

ወንድሜ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። በሩን ልዘጋለት ስል ጣቶቹ ጠርዙ ላይ ነበሩ።

«እጅህን አንሣ» አልኩት።

አነሣ። ዘጋሁት።